የዳክዬዎቼ ዓይን ለምን ተጣበቀ?

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ከሦስቱ ዳክዬዎቼ አንዷ ግራ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ከጥጉ አረፋ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ዙሪያው ያለው ላባ ተጣብቆ ደርቋል። በሳምንቱ ሁለተኛዋንም ጀመራት። ጎረቤቴ እማማ «ብርድ መቷቸው ነው» አሉኝ። በድሬዳዋ ግንቦት፣ ብርድ!

የሰው ዓይን ጠብታ ልገዛ ስል ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ችግሩ ዕቃው ነበር ለካ። ውሃ የምሰጣቸው በዶሮ መጠጫ ነው፤ ጥልቀቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ዶሮ ምንቃሯን ነከር አድርጋ ቀና ትላለች፣ አለቀ። ዳክዬ ግን ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጥበው ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነክራ ነው። የእኔዎቹ በዚያ ሙቀትና አቧራ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ነው የከረሙት።

ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አጋድሜ አንድ ጎኑን ቆረጥኩት። ጠርዙ አንገታቸውን እንዳይቆርጥ በጋለ ቢላ አለሰለስኩት። ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ ለመውጫ ጡብ አስጠጋሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከበርሜል እየቀዳሁ ጠዋትና ማታ እቀይራለሁ፤ የቆሸሸው ለፓፓያው ነው። የታመመውን ዓይን ደግሞ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አረጠብኩ።

በአራተኛው ቀን ዓይኗ ተገለጠ። ቢያብጥ ወይም መብላት ብታቆም ኖሮ እንስሳት ሐኪም ጋ እወስዳት ነበር። አሁን የቀረኝ በጀሪካኑ ዙሪያ የሚፈጠረው ጭቃ ነው፤ አንድ ጆንያ ጠጠር አፍስሼበት ትንሽ ተሻለው።