«ኤፍ 1ን ተጫን» እያለ ለሚያስቸግር አሮጌ ኮምፒውተር

ዴስክቶፓችሁ በተከፈተ ቁጥር «ኤፍ 1ን ተጫን» ብሎ ከቆመና ቀኑም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ፎርማት ለማስደረግ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀችው ማዘርቦርዱ (ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። ቁጥሯ ሲአር 2032፣ 3 ቮልት። ሰዓት የሚጠግኑ ልጆች ጋ አትጠፋም።

ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ሴቲንጉን የምትይዘው እሷ ናት። ጅማ ደግሞ ክረምት ላይ መብረቁንም የመብራቱን መጥፋት መምጣትም ፈርተን ነቅለን ነው የምናድረው። ታዲያ ባትሪዋ ቶሎ ብታልቅ ምን ይገርማል?

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ የጎን ሽፋኑን ክፈቱ። ባትሪዋን የያዘውን ትንሽ ብረት ገፋ ስታደርጉት ብድግ ትላለች። የአዲሷ የመደመር ምልክት ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ቀኑን አስተካክሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው እንጂ በእኛ አይደለም! ቀኑ ከተሳሳተ ብሮውዘሩ ድረ ገጹን ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ያደርቃችኋል።

ስክሪኑ ምንም ሳያሳይ ጢጥ ጢጥ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ባትሪ አትግዙ። መጀመሪያ ራሙን (ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካውን የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት።