ፊክሲያችሁን ለትሪክ እንዴት ታዘጋጃላችሁ (ካሜራ ከመክፈታችሁ በፊት)

የፊክሲ (ፊክስድ ጊር ሳይክል) ፍሪስታይል፣ ማለትም የትሪክ ቪዲዮ ስታዩ መቼም አይናችሁ የሚሄደው አየር ላይ የሚሽከረከረው መሪ ላይ ነው፣ የኔም እንደዛው ነበር፣ አሁን ግን ቀድሜ የማየው የኋላ ጎማውን መሀል ነው። ፊክሲ ላይ ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ ነው የሚዞረው፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግራችሁም ይዞራል፣ ቁልቁለት ላይ እግር ማሳረፍ ብሎ ነገር የለም። ወደኋላ ከረገጣችሁ ደግሞ ሳይክሉ ወደኋላ ይሄዳል፣ ፌኪ የሚሉት እሱን ነው። እና ስትረግጡም ስትይዙም ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው እዛች ትንሽዬ ጥርስ ላይ ነው።

ስለዚህ ከኮጉ፣ ማለትም ከዛችው ሰንሰለት ከሚዞርባት የኋላ ጥርስ ጀምሩ። ኮጉ በቀኝ እየዞረ ይጠብቃል፣ ከላዩ የሚገባው ሎክሪንግ (ኮጉን የሚቆልፈው ቀለበት) ግን በግራ ነው የሚጠብቀው፣ ወደኋላ ስትረግጡ ኮጉ ሊፈታ ሲል ሎክሪንጉን ይበልጥ ያጠብቀዋል ማለት ነው። ሀቡን (ኮጉ የሚታሰርበትን የጎማውን መሀል) በደንብ ጥረጉት፣ ትንሽ ግራሶ ቀቡት፣ ኮጉን ሰንሰለት ባለው ቁልፍ እስኪበቃው አጥብቁ፣ ሎክሪንጉን አስገቡና ዳገት ላይ ትንሽ ነድታችሁ ተመልሳችሁ ሎክሪንጉን ድገሙት። ይቺን መድገም ሁሉም ሰው ይዘላታል። እኔ ደግሞ ብሼ፣ ሎክሪንግ መያዣ በሌለው ተራ ሀብ ላይ ኮግ በሙጫ ለጥፌ ስነዳ ስኪድ (እግር ቆልፎ የኋላ ጎማውን ማንሸራተት) ልሰራ ስል ኮጉ ተፈታና እግሬ ባዶውን ወደኋላ ሲዞር ግድግዳ ጋር ተገናኘሁ፣ አታድርጉት በቃ። ዝላይና ፌኪ የምታበዙ ከሆነ ኮጉ በ6 ብሎን የሚታሰርበት ሀብ አለ፣ እሱ መፈታት አያውቅም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የጥርስ ቁጥር። መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ከፊት 46 ከኋላ 16 ቢያደርግ ይመቸዋል፣ ለትሪክ ግን ይከብዳል፣ ከ2 ለ1 ትንሽ ከፍ ያለ ይሻላል። እዚህ ጋር አንድ ነገር አለ፣ ስኪድ ስትሰሩ ሁልጊዜ ያው እግራችሁ ነው ከፊት የሚሆነው፣ ስለዚህ ጎማው የሚበላበት ቦታ በጥርሶቹ ቁጥር ይወሰናል። ከፊት 28 ከኋላ 14 ካደረጋችሁ ሲቃለል 2 ለ1 ነው፣ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይበላና ጎማው በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ከኋላ 13 ብታደርጉት ግን 28 እና 13 አይቃለሉም፣ 13 ቦታ ይከፋፈላል። ያው በአንድ ጥርስ ልዩነት!

ስለ ጎማ፣ ድሮ ሲጀመር ሰው የሚጫወተው በውድድር ሳይክል በቀጭኑ 700ሲ ጎማ ነበር፣ ቸርኬው ይጣመም ነበር፣ ቀስ በቀስ ወደ ሰፊ 26 ኢንች የዞሩት ለዛ ነው። ፍሬም ስትመርጡ ደግሞ ቆማችሁ መሪውን በእጅ ሙሉ ዙር አዙሩት፣ የፊት ጎማው ፍሬሙን ወይም ጫማችሁን ከነካ ባርስፒን (መሪውን ሙሉ ዙር ማሽከርከር) እርሱት። የፊት ፍሬን ገመድም ዙሩን ይከለክላል፣ ግን መኪና ባለበት መንገድ ላይ ፍሬን አውልቆ መንዳት ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፣ ለኔ ሞኝነት ነው፣ የምታወልቁት ባዶ ሜዳ ላይ ለመጫወት ብቻ ይሁን።

ሰንሰለቱ መሀሉን ስትነኩት 1 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ ይበል፣ ፔዳሉን እያዞራችሁ በየቦታው እዩት ምክንያቱም የፊት ጥርሱ ድፍን ክብ ላይሆን ይችላል። ጎማው እየዞረ ግን ጣታችሁን ወደ ሰንሰለቱ እንዳታስጠጉ፣ ፊክሲ ጣት ከያዘ አይቆምም፣ ይቆርጣል፣ ቀልድ አይደለም። ፔዳሉ ሰፊ ይሁንና ሰፊ የቬልክሮ ማሰሪያ ይኑረው፣ እግር በቀላሉ ገብቶ ተረከዝ ወደውጭ ሲዞር የሚወጣ እስኪሆን አስተካክሉት።

ትሪኩን በትራክስታንድ (እግር መሬት ሳይነካ ባሉበት መቆም) ጀምሩ፣ ትንሽ ዳገት ፈልጉ፣ ፔዳሎቹን አግድም አድርጉ፣ የፊት ጎማውን ከፊት ወዳለው እግር ጎን አዙሩና ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ እየገፋችሁ ቁሙ። ከዛ ስኪድ፣ ክብደታችሁን ወደ መሪው አምጥታችሁ የኋላው ሲቀል እግር ቆልፉ። ፌኪ ከዛ፣ ባርስፒን መጨረሻ።

ቀረፃው ቀላል ነው። ካሜራውን ዝቅ አድርጉ፣ ሁለቱም ጎማ ይግባ፣ ሰንሰለቱ ባለበት በቀኝ በኩል ቅረፁ ምክንያቱም ፔዳሉ ካልታየ ፊክሲ መሆኑን ማንም አያውቅም፣ ቢኤምኤክስ (ሌላው የትሪክ ሳይክል) ነው ይሏችኋል። በሰከንድ 60 ፍሬም ቀርፃችሁ በ24 ካጫወታችሁት 2.5 እጥፍ ይዘገያል፣ ለባርስፒን አሪፍ ነው። አስር ጊዜ ሞክራችሁ ካልሆነ ደግሞ ከአስራ አንደኛው በፊት ወርዳችሁ ሎክሪንጉንና የጎማውን ዳዶ አንዴ ንኩት።