«አተርኒ» ሲባል የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«የያዝኩት ተራ ሎየር አይደለም፣ አተርኒ ነው» የሚል ሰው አሜሪካ ውስጥ አይጠፋም። አተርኒ በማዕረግ የሚበልጥ ይመስለዋል። ግን ሁለቱም ጠበቃ ለማለት የሚውሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ሰዉ እያቀያየረ ነው የሚጠራቸው። አንዳንዶች ሕግ የተማረውን ሁሉ ሎየር፣ ፈቃድ ያለውን ብቻ አተርኒ ይላሉ፤ ሁሉም ግን በዚህ አይስማማም። ስለ መጠሪያው ከመጨነቅ በየትኛው ስቴት ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ ይሻላል።

ዋናው ስህተት፣ እንደኔ፣ ቃሉ ከመነሻው የሕግ ዕውቀትን ያመለክታል ብሎ ማሰብ ነው። ምንጩ የድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ በሌላ ሰው ቦታ የተሾመ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ባለጉዳይ ችሎት ፊት ራሱ መቆም ነበረበት፤ ሰው መላክ የሚችለው ሲፈቀድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1236 የወጣው የመርተን ሕግ፣ ነፃ የሆነ ሰው በካውንቲና በመሬት ጌታው ችሎት የመገኘት ግዴታውን በአተርኒ በኩል እንዲወጣ ፈቀደ። ያ አተርኒ የተማረ መሆን አይጠበቅበትም ነበር። ስለዚህ ለጥንቱ አተርኒ «ጠበቃ» ከምንለው «ወኪል» ይቀርበዋል።

ይህን የያዘ ሰው «ፓወር ኦፍ አተርኒ» አያደናግረውም። እኛ ውክልና የምንለው ነው። ለእህታችሁ ውክልና ብትሰጧት ቤት ልትሸጥላችሁ፣ የባንክ ጉዳይ ልትጨርስላችሁ ትችላለች፤ ሕግ መማር የለባትም። ወረቀቱ ግን ጠበቃ አያደርጋትም፣ አሜሪካ ውስጥ ችሎት ቆማ ልትከራከርላችሁ አትችልም። ሌላም አለ፦ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። «አባቴ ውክልና ሰጥቶኝ ነበር» ብሎ ከቀብር በኋላ ባንክ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። እዚያ የሚሠራው የውርስ ሕግ ነው።

«ዲስትሪክት አተርኒ»ን «የወረዳ ጠበቃ» ብሎ መተርጎምም አለ። ሰውየው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሚከሳችሁ እሱ ነው። ተከሳሽ ሆናችሁ «ጠበቃዬ ነው» ብላችሁ ምስጢር እንዳታጫውቱት!

የመንግሥት ዋና የሕግ ባለሥልጣን መጠሪያ በሆነው በ«አተርኒ ጄኔራል» ውስጥ ያለው ጄኔራል ደግሞ ወታደር አይደለም፤ «ጠቅላይ» ለማለት ነው። አሜሪካ ሹመቱን የፈጠረችው በ1789 ነው፣ የመጀመሪያው ኤድመንድ ራንዶልፍ ነበር። የሚገርመው አሜሪካውያን ራሳቸው ባለሥልጣኑን «ጄኔራል» እያሉ ይጠሩታል።

ለንደን ሄዳችሁ «አተርኒ እፈልጋለሁ» ካላችሁ ደግሞ ግር ይላቸዋል። እዚያ ስሙ መጥፎ ዝና አትርፎ ነበር። በ1873 የወጣው የፍርድ ቤቶች ሕግ በ1875 ሥራ ላይ ሲውል፣ አተርኒዎቹ ሁሉ «ሶሊሲተር» ተባሉ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ አተርኒ የምትሰሙት በመንግሥት ዋና የሕግ አማካሪ (አተርኒ ጄኔራል)፣ በውክልና ወረቀትና በፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ባለሙያዎች መጠሪያ ላይ ነው። ለቤት ግዢ ወይም ለፍቺ የምትፈልጉት ሶሊሲተር ነው።