አሞራ ገደል ላይ ፎቶ ለማንሳት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ፎቶ ልታነሱ ካሰባችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ እዚያ ድረሱ። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲገቡ፣ ከመረብ ላይ ቆሮሶ ሲለቀም የምታገኙት ጠዋት ነው። ረፋዱ ላይ ብርሃኑ ይነጣል፤ ሰውም ይበተናል።

ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ትመጣለች። የጀልባው ቀለምና የሰዎቹ ፊት ቁልጭ ይላል። ማታ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስለምትጠልቅ ጀልባው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው ለዚህ ይሞታል፤ እኔ ጠዋቱን እመርጣለሁ።

አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም ትልልቅ ወፎች፣ ሰው አይፈሩም። የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጣል ይሻማሉ፤ ዋናው ፎቶ ያኔ ነው። ክንፋቸው እንዳይደበዝዝ የካሜራውን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ አድርጉ። ቁጢጥ ብላችሁ በዓይናቸው ከፍታ አንሱ። ከላይ ሲነሱ ዶሮ ነው የሚመስሉት፣ ግርማቸው ይጠፋል።

በስልክ ከሆነ የውሃው ነጸብራቅ ሰዎቹን ያጠቁራል። ስክሪኑ ላይ ፊታቸው ያለበትን ነካ አድርጉ፤ ሰማዩ ከነጣ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። የሐይቁ መስመር እንዳያዘነብልም ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን መስመሮች አብሩ።

ዓሣ አጥማጆቹን መጀመሪያ ሰላም በሉ። «ወንድሜ፣ ላንሳህ?» ይበቃል። ከሩቅ በዙም መስረቅ ደስ አይልም፤ ፎቶውም ላይ ያስታውቃል። ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ከማንሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ለስላሳ ጨርቅም ያዙ። የዓሣ ቅርፊት ሌንስ ላይ ይፈናጠራል፣ በጣት ሲጠርጉት ደግሞ ይብሳል።