የውሃ ሮኬት ፓራሹት ለአዲስ አበባ አየር እንዴት ይለካል?

የውሃ ሮኬት በታመቀ አየር ግፊት ውሃ እየተፋ የሚወነጨፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ሲወርድ እንዳይሰበር ፓራሹት ይታሰርለታል። ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው የፓራሹት መጠን ሰንጠረዦች በአብዛኛው ለባሕር ጠለል የተሰሉ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ለዚያ የተቆረጠ ፓራሹት እዚህ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። ጃንሜዳ ላይ የመጀመሪያ ሮኬታችንን ስናስወነጭፍ ፓራሹቱ አምሮ ተከፍቶ ነበር፤ ሮኬቱን ያነሳነው ግን አንዱ ክንፉ ከሥሩ ተገንጥሎ ነው። ስፋቱ 58 ሳንቲሜትር ነበር፤ ሊሆን የሚገባው 67 ነው።

መጀመሪያ ሮኬቱን መዝኑ፤ ውሃው ወጥቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ክብደት ማለት ነው። ጠርሙሱ፣ ክንፎቹ፣ አፍንጫው (ፓራሹቱን የሚሸፍነው ሾጣጣ ክዳን)፣ ፓራሹቱም ጭምር ይግቡ። ዲጂታል ሚዛን ቤት ከሌለ የሰፈሩን ባለሱቅ ጠይቁ። ጠርሙሱ የለስላሳ መጠጥ ይሁን፤ ስሱ ሃይላንድ ግፊቱን አይችልም።

ቀጥሎ ስሌቱ። የክብደቱን ግራም ስኩዌር ሩት አውጡና በ4.75 አባዙት፤ የሚመጣው ቁጥር በሳንቲሜትር የፓራሹቱ ስፋት ነው። ለ200 ግራም ስኩዌር ሩቱ 14.14 ስለሆነ 67 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይህ ሮኬቱን በሴኮንድ 4 ሜትር ያወርደዋል፤ 80 ሳንቲሜትር ከሚሆን ጠረጴዛ ላይ የወደቀ ያህል ማለት ነው። ነፋስ ካለ በ3.8 አባዙ፤ በሴኮንድ 5 ሜትር ይወርዳል፣ ርቆም አይነዳም። ከ40 ሜትር በሴኮንድ 4 ሜትር የሚወርድ ሮኬት አየር ላይ 10 ሴኮንድ ይቆያል፤ ነፋሱ በሴኮንድ 3 ሜትር ከሆነ 30 ሜትር ይወስደዋል። መሀል ከተማ 30 ሜትር ማለት የሰው ጣሪያ ወይም የመብራት ሽቦ ነው። እኔ ጠዋት በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ መተኮስን እመርጣለሁ።

ጨርቁን ከተሰበረ ጃንጥላ ውሰዱ። ፌስታልም ይሠራል፤ ግን ገመዱ የታሰረበት ቦታ ቶሎ ይተረተራል። ጨርቁን ስምንት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ስፋቱ የሚለካው ከጎን ወደ ትይዩ ጎን ነው። በየማዕዘኑ ከስፋቱ ትንሽ የረዘመ ሲባጎ እሰሩ፤ ስምንቱም እኩል ይሁኑ። መሀሉ ላይ 6 ወይም 7 ሳንቲሜትር ክብ ቀዳዳ ካወጣችሁ ፓራሹቱ ሲወርድ አይወዛወዝም፤ የሚቀንሰው ጨርቅ አንድ በመቶ ብቻ ነው።

ከመተኮስ በፊት ፈትኑት። ከኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ፣ ከታች ሰው እንደሌለ አረጋግጣችሁ፣ በካልሲ ውስጥ አሸዋ ሞልታችሁ ከሮኬቱ ክብደት ጋር አስተካክሉና ከፓራሹቱ ጋር ልቀቁት። ግድግዳው ላይ የመጨረሻውን 6 ሜትር ምልክት አድርጉ፣ በስልክ ቪዲዮ አንሱ። በ4.75 ያሰላችሁት ፓራሹት ያንን 6 ሜትር በ1.5 ሴኮንድ ከጨረሰ ልኩ ትክክል ነው። በ1.2 ከጨረሰ ፍጥነቱ 5 ሜትር በሴኮንድ ነው፤ ስፋቱን ጨምሩ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ አፍንጫው ነው። ሮኬቱ ጫፍ ደርሶ ሲያዘነብል አፍንጫው በራሱ ካልወለቀ የቱንም ያህል ጥሩ ፓራሹት አይከፈትም። ሮኬቱን በእጃችሁ ገልብጡት፤ አፍንጫው ሳትነቀንቁት መውደቅ አለበት። ጠበቅ ካለ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ፈትጉት። እንዳይጠፋ በሲባጎ ከሮኬቱ ጋር እሰሩት። ፓራሹቱን ሕፃናት የሚቀቡት ፓውደር ነስንሳችሁ አጥፉት፣ ገመዶቹን ጨርቁ ላይ አትጠምጥሙ፤ እንደታጠፈ አታሳድሩት፣ ጠዋት ሜዳው ላይ ደርሳችሁ እጠፉት።