የወጣ ዕቁብ ቁጠባ ነው ዕዳ? የዓመቱን ዕቅድ ስንከታተል የምንሠራቸው ስህተቶች

ዕቁብ የደረሰን በኅዳር ነው፤ ሦስተኛው ዕጣ። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ "60 ሺህ!" ብላ ጮኸች። ያን ዕለት ማታ የቤታችን ደብተር ላይ፣ "ቁጠባ" ከሚለው ሥር፣ 60,000 ብለን ጻፍን። የዓመቱ ዕቅዳችን 80,000 መቆጠብ ነበር። በሦስት ወር ሦስት አራተኛውን ጨረስነው ማለት ነው። ከእኛ በላይ ቆጣቢ ላሳር!

ደብተሩ ዋሽቶናል። እውነቱን ለመናገር እኛ ነን ያስዋሸነው። ከዚያ ወዲህ የራሳችንንም የጓደኞቻችንንም አያያዝ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ብዙ ሰው ይቆጥባል፣ ዕዳም ይከፍላል። የት እንደደረሰ ሲቆጥር ግን ይሳሳታል።

የወጣ ዕቁብን ቁጠባ ማለት

የእኛ ዕቁብ 12 ሰው ነው። እያንዳንዱ በወር 5,000 ብር ይጥላል። እስከ ኅዳር እኛ የጣልነው 15,000 ብቻ ነበር። የተቀበልነው ግን 60,000 ነው። በመሃል ያለው 45,000 የእኛ አይደለም፤ ገና ዕጣ ያልወጣላቸው የዘጠኙ ጓደኞቻችን ነው። እስከ ነሐሴ ድረስ በየወሩ የምንመልሰው፣ ወለድ የሌለው ብድር ነው።

ይሄን ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም ነበር። የዕቁቡ ዳኛ ብሩን ከመስጠቱ በፊት "ዋስ አምጡ" ብሎናል። የራስህን ገንዘብ ለመውሰድ ማን ዋስ ይጠይቅሃል?

አሁን እንዲህ ነው የምንጽፈው። ዕጣው ሳይወጣ በፊት የጣልነው በሙሉ ቁጠባ ነው፤ ሌሎቹ ለእኛ ይዘውልናል። ዕጣው በወጣ ቀን ብሩ ወደ ገንዘባችን ይገባል፣ ቀሪው መዋጮ ደግሞ በዚያው ቀን ዕዳ ውስጥ ይጻፋል። ከዚያ በየወሩ 5,000 ይቀነሳል። በዚህ አቆጣጠር ኅዳር ላይ የነበረን እውነተኛ ቁጠባ ያው 15,000 ነው። ከ80,000 አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ያለ ምንም ዕዳ ሙሉ 60,000 ይይዛል። እሱ ነው የቆጠበው። እርግጥ ሁሉም እያማረረ ነው የሚጠብቀው፣ ምክንያቱም የነሐሴ 60 ሺህ የመስከረምን 60 ሺህ ያህል አይገዛም። አንዳንዱ ደግሞ ቸኩሎ የሌላ ሰው ዕጣ ይገዛል። የከፈለው ጭማሪ ስሙ ወለድ ባይባልም ሥራው ወለድ ነው። እሱም ደብተር ላይ ወጪ ሆኖ ይስፈር።

ዕቁብን ማጣጣሌ አይደለም። ያለ ዕቁብ ፍሪጅ አይኖረንም ነበር።

ቁጠባውን ብቻ ማየት

መስከረም 1 ቀን በባንክ 40,000 ነበረን፤ ዕዳችን በጠቅላላ 90,000። የካቲት 30 ላይ በባንክ 65,000 ሆነ። 25,000 ጨመርን ብለን ደስ አለን። ዕዳውን ስንደምር ግን 120,000 ደርሷል። ገንዘባችን ከዕዳችን ሲቀነስ መስከረም ላይ 50,000 ጎዶሎ ነበርን፤ የካቲት ላይ 55,000። ስድስት ወር ቆጥበን 5,000 ወደኋላ ሄደናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ የገጹ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይኑር፦ ያለን ሲቀነስ ያለብን። የሚከታተሉት እሱን ነው።

ይሄ ቁጥር ሌላም ነገር ያሳያል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ያስቀመጠው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በዚህ ወለድ 10,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ 700 ብር ይወልዳል። ያው 10,000 በ16 በመቶ የተበደሩት ከሆነ ደግሞ 1,600 ይበላል። ቁጠባና ዕዳ ጎን ለጎን ሲቀመጡ 900 ብር በዝምታ ይሄዳል። "ታዲያ ቁጠባውን አውጥተን ዕዳውን እንዝጋው?" አለችኝ ባለቤቴ። ሙሉ በሙሉ አልመክርም። ቤቱ ባዶ ከሆነ ልጅ በታመመ ቀን ተመልሶ መበደር ነው። እኛ የአንድ ወር ተኩል ወጪ አስቀርተን የቀረውን ዕዳው ላይ አፈሰስነው።

የከፈሉትን ሁሉ ከዕዳው ላይ መቀነስ

ይሄን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴን አላነካካም። 100,000 ብር በ16 በመቶ ተበድረን በወር 3,000 እንከፍል ነበር። እኔ በየወሩ 3,000 እየቀነስኩ እጽፋለሁ። በስድስት ወር 18,000 ቀነስኩ፣ 82,000 ቀረ አልኩ።

ባንክ ሄጄ ስጠይቅ ቀሪው ከ89 ሺህ በላይ ነው። ተናደድኩ። ልጅቷ ረጋ ብላ ወረቀት አወጣችና አሰላችልኝ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 1,333 ብር ነው። ከከፈልኩት 3,000 ውስጥ ዋናውን ብድር የነካው 1,667 ብቻ ነው። ዋናው እያነሰ ሲሄድ ወለዱም ያንሳል፤ ግን ቀስ እያለ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሦስት ወር አንዴ ባንኩን ወይም የመሥሪያ ቤቱን የቁጠባና ብድር ማኅበር "ቀሪው ዋና ብድር ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅና የሰጡትን ቁጥር መጻፍ። እግረ መንገድዎን ማኅበሩ ዘንድ ያለውን ቁጠባም ይጠይቁ። ከደሞዝ ላይ ስለሚቆረጥ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ዓመቱን ለ12 እኩል ማካፈል

80,000ን ለ12 ሲያካፍሉት በወር 6,667 ብር ይመጣል። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን የእኛ ዓመት እንደዚያ ሜዳ አይደለም።

በመንግሥት ደሞዝ የሚኖር ሰው ጳጉሜን ምን እንደሆነች ያውቃል። ከነሐሴ ደሞዝ እስከ መስከረም ደሞዝ ያለው 35 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36። ለጳጉሜን የሚከፈል የለም። በዚያው 35 ቀን ውስጥ የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስከረም 17 መስቀል አለ። በዚህ ወር 6,667 እቆጥባለሁ ያለ ሰው ገና ዓመቱ ሲብት ከዕቅዱ ጋር ይጣላል።

እኛ አሁን ለመስከረም የጻፍነው ዜሮ ነው። ገናና ፋሲካ ያሉባቸው ወሮች ግማሽ ናቸው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ የካቲት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከበድ እናደርጋለን። ድምሩ ያው 80,000 ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ላንሳ። እኔ በፈረንጅ ወር ነው የሚከፈለኝ፣ ባለቤቴ በእኛ ወር። ደብተሩን መጀመሪያ ሰሞን እኔ ደሞዝ በተቀበልኩ ቀን እዘጋለሁ፣ እሷ በራሷ ቀን ትዘጋለች። አንዱ ደሞዝ ሁለቴ የተቆጠረበት ወር ነበር። አሁን ወር በገባ በ5ኛው ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ አንዴ እንዘጋለን። አለቀ።

ዕቅዱን በብር ብቻ መለካት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ዘመድ የሚልክላቸው ቤተሰቦች ደብተር ላይ ያለው ገንዘብ ባንድ ጊዜ አበጠ። አንድ ጓደኛዬ "የዓመቱን ዕቅድ ጨረስኩ" ብሎ ጋበዘን። የሚቆጥበው ግን ለቤት ማስጨረሻ ነበር፤ የበሩም የመስታወቱም የሴራሚኩም ዋጋ አብሮ እንደሚነሳ አላሰበውም።

በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገቡ ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል። የሚቆጥቡት ሳይቋረጥ የቤቱ ዋጋ ከፍ አለ። ለአንድ ዕቃ የሚቆጥቡ ከሆነ በስድስት ወር አንዴ ዋጋውን ጠይቀው ከብሩ አጠገብ ይጻፉት።

ያበደሩትን እንደ ያዙት መቁጠር

ለወንድሜ ያበደርኩት 12,000 ብር ሁለት ዓመት ሙሉ "ያለን" በሚለው ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ቢመልስ እንደ ስጦታ እንቀበለዋለን አለች። አልተከራከርኳትም።

ደብተሩን አንድ ሰው ብቻ መያዝ

ይሄ አጭር ነው። አንዱ ብቻ ከያዘው ሌላው የሚያውቀው ዕዳ አይጻፍም። በስልክ የሚወሰዱት ትናንሽ ብድሮች በተለይ። ሺህ ብር ናት፣ ደሞዝ ሲገባ ትከፈላለች፣ ምን ያስጽፋል ይባላል። በእኛ ቤት ሁለታችንም ሳንነጋገር ወስደን ነበር። የአገልግሎት ክፍያውን ስንደምረው የልጃችንን የወር ታክሲ ይችላል።

አንድ ወር ከተበላሸ በኋላ መተው

የእኛ ደብተር የሚያዝያ ገጽ ባዶ ነው። ፋሲካ ነበር። በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ለቤተሰብ የሚላክ። ዕቅዱ እንደተበላሸ አውቀናል፣ ማየት ግን አልፈለግንም። ግንቦትም ሊያልፍ ነበር።

ያስቆመን ባለሱቁ ነው። በዱቤ የምንወስድበት ሰፈር ያለው ሱቅ ነው። የእኛ ደብተር ባዶ ሲሆን የእሱ ደብተር አንድ ቀን አልዘለለም። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ልጁ በትምህርት ቤት መንገድ የወሰደው ብስኩት ሳይቀር ከነቀኑ አለ። ባለቤቴ ደብተሩን ለአንድ ማታ አስፈቅዳ ይዛ መጣች። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እሷ እያነበበች እኔ ገለበጥኩ።

"ስንት ይመስልሃል?" አለችኝ ከመደመሬ በፊት።

"ከሁለት ሺህ አይበልጥም።"

4,385 ብር ወጣ። ሚያዝያ ብለን ጻፍነው።