ንስሮቹ ወዴት ያያሉ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ተራ ወታደሮች ይለብሱት የነበረውን ኮት አስመስዬ ሰፋሁ። ግራጫ ሰማያዊ ሱፉ ተገኘ፤ ስፌቱም አልከፋም። መስታወት ፊት ስቆም ግን የሆነ ነገር ከነከነኝ። እጅጌዎቹ አናት ላይ፣ ከትከሻው ሥር ያሉት የንስር ምልክቶች ወደ ፊት ያያሉ! የድሮ ፎቶ ሳወጣ የሚያዩት ወደ ኋላ ነው። ለካ ግራና ቀኙን አቀያይሬ ሰፍቻለሁ።

ክሩን በምላጭ እየበጠስኩ ፈታሁ። የመርፌው ቀዳዳ እንዲጠፋ እርጥብ ጨርቅ ደርቤ ካውያ አሳረፍኩበት። ከዚያ ቦታቸውን አለዋወጥኩ።

ቁልፎቹ ደግሞ ባሱ። የገዛኋቸው ላይ ያለው ዘውድ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ይሄ ከጦርነቱ በኋላ በዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የመጣ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የነበረው ንጉሥ፣ የጆርጅ 6ኛው ዘውድ አናቱ ክብ ነው። አሮጌ የናስ ቁልፎች ለቃቅሜ ቀየርኳቸው። ከኮቱ ሱፍ በላይ አስወጡኝ።